የአፈሙዙ ፍጥነት አያሳስተን፦ የኤሌክትሮማግኔት መድፍን በጦር መርከብ ላይ ስለመትከል የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኤሌክትሮማግኔት መድፍ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። የባሩድ ዘመን አልፏል፣ መጪው የኤሌክትሪክ ነው ይላል። ሬይልገን የሚባለው ይህ መሣሪያ ጥይቱን ከድምፅ ስድስትና ሰባት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ያስወነጭፋል፤ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ለአንድ ተኩስ የሚፈጀውም የጥቂት ብር መብራት ነው። አንድ ሚሳኤል ግን ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል። አሜሪካ ፕሮግራሟን በ2021 ስታቆም ነገሩ የበጀት ሹማምንት ትዕግሥት ማጣት ተደርጎ ተወሰደ። ጃፓን በ2025 ከባሕር ላይ ተኩሳ የዒላማ መርከብ ስትመታ ደግሞ «ይኸው፣ ይቻል ነበር» የሚለው ድምፅ ጎላ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ አመለካከት የቆመው በእውነተኛ መረጃዎች ላይ ነው፤ ድምዳሜው ግን ከመረጃዎቹ አይከተልም። የእኔ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ የኤሌክትሮማግኔት መድፍ ዋና ፈተና መተኮስ መቻሉ አይደለም፤ እሱ ከተመለሰ ቆይቷል። ፈተናው ደጋግሞ መተኮሱ፣ የተኮሰውን መምታቱና ይህን ሁሉ መርከቡን ከሌላ ሥራው ሳያስተጓጉል ማድረጉ ነው። በእነዚህ ሦስት ነጥቦች ሲመዘን «ርካሽ ተኩስ» የሚለው ስሌት ይፈርሳል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ የጦር መርከቦች ርካሽ ድሮኖችን ለመጣል እጅግ ውድ ሚሳኤል ሲተኩሱ ታይቷል። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ያ የባሕር መንገድ በምን ዓይነት መሣሪያና በምን ወጪ እንደሚጠበቅ መጠየቅ ለእኛ ትርፍ ጥያቄ ሊሆን አይችልም። የተስፋ ወሬ ከተፈተነ ነገር ጋር እንዳይምታታብን መጠንቀቅም ተገቢ ነው።

የማልከራከርባቸው ነጥቦች

በመጀመሪያ የጋራ የሆነውን ላስቀምጥ። የመሣሪያው አሠራር በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ሁለት ትይዩ ሐዲዶች አሉ፤ በመካከላቸው አርማቸር የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ተንሸራታች ቁራጭ ይገባል። በሚሊዮን አምፔር የሚለካ ኤሌክትሪክ በአንዱ ሐዲድ ገብቶ፣ በአርማቸሩ ተሻግሮ፣ በሌላው ሐዲድ ሲመለስ የሚፈጠረው ማግኔታዊ ኃይል አርማቸሩን ከጥይቱ ጋር ወደ አፈሙዙ ይገፋዋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2005 ባስጀመረው ፕሮግራም፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዳልግረን በሚገኘው የሙከራ ጣቢያ፣ በጃንዋሪ 2008 ከ10 ሜጋጁል በላይ በሆነ ጉልበት ተኩሶ በሰከንድ 2,520 ሜትር ፍጥነት አገኘ። በዲሴምበር 2010 ደግሞ 33 ሜጋጁል ደረሰ። በአሜሪካ ዲስትሮየሮች ላይ ያለው የ5 ኢንች መድፍ ለጥይቱ የሚሰጠው ጉልበት 9 ሜጋጁል ገደማ ነው። ስለዚህ የሬይልገን ጉልበት የፈጠራ ወሬ አይደለም።

ተቃዋሚዎች አዘውትረው የሚያነሡት አንድ ነጥብም ውድቅ መሆን አለበት። መድፉ ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት መርከቡን ይጎዳል ይባላል። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 2,500 ሜትር ሲወጣ የሚሸከመው ግፊት 25,000 ኒውተን ሰከንድ ነው። የ5 ኢንቹ መድፍ 31 ኪሎ የሚመዝነውን ጥይት በሰከንድ 760 ሜትር ሲተኩስ ደግሞ 23,600 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ የመርከብ መሐንዲሶችም ይህን የሚችል ወለል መሥራት ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ደጋፊዎች የሚያነሡት የደኅንነት ነጥብም ትክክል ነው። በ1916 በጁትላንድ ውጊያ ኢንዲፋቲጌብል፣ ኩዊን ሜሪና ኢንቪንሲብል የተባሉት የብሪታንያ መርከቦች፣ በ1941 ደግሞ ሁድ፣ የባሩድ ክፍላቸው ፈንድቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከነመርከበኞቻቸው ሰምጠዋል። ባሩድ የማይጭን መርከብ ከዚህ ዓይነቱ ዕልቂት ይጠበቃል። የመርከበኛን ሕይወት የሚያስቀድም ሰው ይህን ጥቅም ሊያቃልለው አይገባም።

ኃይሉ ከየት ይመጣል?

ልዩነታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከተከማቸው ጉልበት ሲሶው ወደ ጥይቱ ይተላለፋል ብለን እንነሣ፤ ለሬይልገን ይህ መልካም ውጤት ነው። ለ32 ሜጋጁል ተኩስ እንግዲህ 100 ሜጋጁል ገደማ መከማቸት አለበት። ይህ 28 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። «የጥቂት ብር መብራት» የሚባለው ከዚህ የወጣ ነው፤ እንደ ስሌት አይነቀፍም።

ችግሩ ያለው በመጠኑ ሳይሆን በጊዜው ነው። 10 ሜትር በሚረዝም አፈሙዝ ውስጥ ጥይቱ የሚቆየው ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚፈስሰው ኃይል ከ10,000 ሜጋዋት ይበልጣል፤ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋዋት ስለሆነ እጥፉ ያህል ማለት ነው። ይህን በቀጥታ የሚያቀርብ ጀነሬተር የትኛውም መርከብ ላይ የለም። ስለዚህ ጉልበቱ በካፓሲተር ቀስ በቀስ ተከማችቶ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በአንድ ሜትር ኩብ አንድ ወይም ሁለት ሜጋጁል የሚይዝ ካፓሲተር ብንወስድ፣ 100 ሜጋጁል ለማከማቸት ከ50 እስከ 100 ሜትር ኩብ ቦታ ያስፈልጋል። ትልቁን ቁጥር ከወሰድን ባለ 20 ጫማ ሦስት ኮንቴይነር ይሞላል፤ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ወፍራሙ ኬብልና ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። ዳልግረን የብስ ላይ ነው፤ ካፓሲተር የሚደረደርበት ሰፊ አዳራሽ አለው። መርከብ ላይ ግን እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ባለቤት አለው፤ ለነዳጅ፣ ለሚሳኤል፣ ለራዳር ወይም ለሰው ተመድቧል።

አንድ ጊዜ ተኩሶ ዝም ማለት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። የአሜሪካ ፕሮግራም ሁለተኛ ምዕራፍ ያለመው ግን በደቂቃ 10 ጊዜ መተኮስን ነበር፤ ጥቃት ለመከላከል ከዚያ ያነሰ አይበቃምና። በደቂቃ አሥር ተኩስ ማለት በደቂቃ 1,000 ሜጋጁል፣ ማለትም ያለማቋረጥ 16 ሜጋዋት ከሚበልጥ ኃይል ጋር እኩል ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት አርሊ በርክ የተባለው ዲስትሮየር ለመብራት፣ ለራዳርና ለመሣሪያ የሚያገለግሉ ሦስት ጀነሬተሮች አሉት፤ በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ እያንዳንዳቸው 3 ሜጋዋት ገደማ ያመነጫሉ። ሦስቱም ተደምረው መድፉ ብቻውን የሚጠይቀውን አይሞሉም። መርከቡን የሚነዱት ተርባይኖች ከ70 ሜጋዋት በላይ ጉልበት ቢኖራቸውም፣ የተያያዙት በጥርስና በዘንግ ከመቅዘፊያው ጋር እንጂ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር አይደለም።

ደጋፊዎች እዚህ ላይ ዙምዋልት የተባለውን የአሜሪካ ዲስትሮየር ስም ይጠራሉ። ልክ ናቸው፤ ዙምዋልት 78 ሜጋዋት የሚያመነጭና ለመንጃም ለመሣሪያም ኃይሉን የሚያከፋፍል የኤሌክትሪክ መርከብ ነው። ነገር ግን 32 ይሠራሉ ከተባሉት ሦስት ብቻ ተሠሩ። ለእነሱ የተነደፈው 155 ሚሊ ሜትር መድፍ ጥይቱ አንዱ 800,000 ዶላር ገደማ ስለደረሰ በ2016 ያለ ጥይት ቀረ። መድፎቹ በተነሡበት ቦታ እንዲተከል የተወሰነውም ሬይልገን ሳይሆን የሃይፐርሶኒክ ሚሳኤል ነው። ኃይሉ ያለው መርከብ እጅ ላይ እያለ እንኳ የባሕር ኃይሉ ምርጫ ሌላ ሆነ።

ሙቀቱም አለ። ከ100 ሜጋጁሉ ወደ ጥይቱ ያልገባው ሁለት ሦስተኛ በሐዲዱ፣ በኬብሉና በካፓሲተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በደቂቃ አሥር ጊዜ ሲተኮስ 11 ሜጋዋት ያህል ሙቀት ማስወገድ ግድ ይላል። ይህ በየደቂቃው 16 ቶን ውኃ በ10 ዲግሪ ማሞቅ ማለት ነው። የቀይ ባሕር ውኃ በሞቃት ወራት ከ30 ዲግሪ በላይ እንደሚሆን ላስታወሰ፣ ማቀዝቀዣው ራሱን የቻለ ትልቅ ማሽን መሆኑ ይገባዋል።

ሐዲዱ ምን ይሆናል?

ሐዲዱን ጠጋ ብለን እንመልከት። አርማቸሩ ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራል። ኤሌክትሪኩ እንዳይቋረጥ ሁለቱን ሐዲዶች ተጭኖ መንሸራተት አለበት፤ ያውም ሚሊዮን አምፔር እያሳለፈ፣ በሰከንድ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ እየሮጠ። ፍጥነቱ ሲጨምር ኤሌክትሪኩ በጠቅላላው ገጽ መዳረሱ ይቀርና በአርማቸሩ የኋላ ጠርዝ ይታጨቃል። ያ ጠርዝ ይቀልጣል። የቀለጠው አሉሚኒየም ሐዲዱ ላይ ይለጠፋል። ንክኪው ለቅጽበት ከላላ ደግሞ ብልጭታው ወደ ፕላዝማ ተለውጦ ሐዲዱን ይልሰዋል። በዚህ ላይ ጥይቱን ወደፊት የሚገፋው ያው ማግኔታዊ ኃይል ሁለቱን ሐዲዶች ግራና ቀኝ ሊገነጥላቸው ይታገላል። እነሱን አቅፎ የሚይዘው አካል ጽኑ ካልሆነ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ንክኪው ይላላል፣ ጉዳቱም ይብሳል።

የባሩድ መድፍም አፈሙዙ ይበላል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ያለው በሬይልገን የሚበላው ሐዲድ መድፉን የሚያሠራው የኤሌክትሪክ መስመር ራሱ መሆኑ ላይ ነው። ሐዲዱ ሲበላሽ ጥይቱ ከዒላማ መሳቱ ብቻ ሳይሆን ተኩሱም ራሱ ይደክማል።

ጃፓኖች በዚህ ረገድ ያገኙት ውጤት ሊመሰገን ይገባል። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የግዥና የቴክኖሎጂ ኤጀንሲ በሰከንድ 2,000 ሜትር ፍጥነት ጠብቆ ከአንድ አፈሙዝ 120 ጊዜ መተኮስን ዓላማው አድርጎ ግቡን መትቷል። ይህ የብዙ ዓመት የብረታ ብረት ምርምር ፍሬ ነው። ቁጥሩን ግን ወደ ውጊያ እንተርጉመው፤ በደቂቃ አሥር ጊዜ ቢተኮስ 120 ተኩስ በ12 ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ከባዱን አፈሙዝ ባሕር ላይ መለወጥ ወይም ወደብ መግባት ሊመጣ ነው። የአሜሪካ ፕሮግራም በ1,000 ተኩስ የሚቆጠር ዕድሜ ያለመውም ይህን ስለተረዳ ነው። የአንድ ተኩስ ዋጋ ሲሰላ የሐዲዱ ዋጋ ለተኩሱ ቁጥር ተካፍሎ መግባት አለበት። «የጥቂት ብር መብራት» የሚለው ስሌት ይህን ትቶታል።

መተኮስና መምታት

ስሌቱ የዘለለው ትልቁ ነገር ግን ጥይቱ ነው። ሬይልገን 185 ኪሎ ሜትር ሲተኩስ ጥይቱ ዒላማው ዘንድ ለመድረስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በ30 ኖት የሚጓዝ መርከብ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኪሎ ሜትሮችን ይርቃል። የአፈሙዙ አቅጣጫ በአንድ ሺኛ ራዲያን ብቻ ቢስት ጥይቱ ከ180 ሜትር በላይ ወዲያ ይወድቃል። በዚህ ርቀት መሪ የሌለው ጥይት፣ ፍጥነቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ የሚንቀሳቀስ ዒላማ አይመታም።

ለመከላከል ቢውልም ያው ነው። የባሕሩን ገጽ ተጠግቶ የሚበር ክሩዝ ሚሳኤል ለመርከብ ራዳር የሚታየው 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲቀርብ ነው። ከድምፅ በታች የሚበረው ያን ርቀት በ100 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ከድምፅ ሦስት እጥፍ የሚፈጥነው ግን 25 ሰከንድ ብቻ ይወስድበታል። በደቂቃ አሥር የሚተኩስ መድፍ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚተኩሰው አራት ጥይት ነው። ጣሊያን ሠራሹ 76 ሚሊ ሜትር የባሩድ መድፍ በዚያው 25 ሰከንድ 50 ጥይት ይተኩሳል። አራቱ ጥይቶች እንዲበቁ ከተፈለገ እያንዳንዳቸው የሚመሩ መሆን አለባቸው።

የሚመራ ጥይት ደግሞ በሬይልገን ውስጥ መከራ ያያል። በ10 ሜትር ርቀት ከዜሮ ወደ 2,500 ሜትር በሰከንድ ሲደርስ የሚሸከመው ጫና ከመሬት ስበት 30,000 እጥፍ ይበልጣል። ኤሌክትሮኒክሱ፣ ባትሪውና የሚያጣምመው ክንፍ ይህን ጫና፣ ኃይለኛውን የማግኔት መስክና የአየር ሰበቃ ሙቀቱን ተቋቁመው መሥራት አለባቸው። ይህን የሚችል ጥይት ርካሽ ብረት ሊሆን አይችልም። አሜሪካኖች ለዚሁ ዓላማ የሠሩት ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ጥይት መጀመሪያ አንዱ በ25,000 ዶላር ገደማ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ ግምቱ ከዚያ ወዲህ አሻቅቧል። «የጥቂት ብር መብራት» ሲባል የነበረው ክርክር በዚህ ነጥብ ያበቃል፤ ዋጋው ያለው ጥይቱ ውስጥ ነው።

ፍርዱን የሰጠውም ያው ጥይት ነው። በ2018 በሃዋይ አካባቢ በተካሄደው የሪምፓክ ልምምድ ዲዊ የተባለችው የአሜሪካ ዲስትሮየር ከተለመደው የ5 ኢንች መድፏ 20 እንዲህ ያሉ ጥይቶችን ተኩሳለች። በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በዋይት ሳንድስ፣ ከምድር ጦሩ 155 ሚሊ ሜትር መድፍ የተተኮሰ ይኸው ጥይት ክሩዝ ሚሳኤልን የሚወክል ሰው አልባ አውሮፕላን መትቶ ጥሏል። ፍጥነቱ ከሬይልገን በግማሽ ቢያንስም መታ። ከዚህ በኋላ፣ 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል የፈጀው የሬይልገን ፕሮግራም በ2021 ገንዘብ ሲነፈገው፣ ውሳኔው ከሙከራ የተገኘ ዕውቀትን የተከተለ እንጂ ጭፍን አልነበረም። የተለፋበት ከንቱ አልቀረም፤ ምርጡ ፍሬ በነባሩ መድፍ ሊያገለግል ተገኝቷልና።

ስለ ጃፓንና ስለ ካታፑልት

ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይቀሩኛል። አንደኛው ጃፓን ናት። አሱካ የተባለችው የጃፓን የሙከራ መርከብ በ2025 ሬይልገን ተክላ፣ የኃይል ዕቃዎቹን በኮንቴይነር ጭና፣ ባሕር ላይ ተኩሳለች። ድሉን አልቀንስም፤ አሜሪካ ለ2016 አቅዳ ያልፈጸመችውን ፈጽማለች። መጠኑን ግን እንይ። በይፋ እንደተነገረው ጥይቱ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 320 ግራም ክብደት ያለው ሲሆን፣ ለአንድ ተኩስ የሚከማቸው ጉልበት 5 ሜጋጁል ነው። በሰከንድ 2,200 ሜትር ቢወጣ የሚሸከመው 0.8 ሜጋጁል ያህል ነው፤ ከዳልግረኑ አንድ አርባኛ፣ ከተከማቸው ጉልበት ደግሞ አንድ ስድስተኛ ገደማ። ጃፓን ያሳየችው ትንሽ ሬይልገን በሙከራ መርከብ ላይ እንደሚሠራ ነው። በውጊያ መርከብ ላይ 185 ኪሎ ሜትር የሚተኩስ መድፍ ይቻላል የሚለውን አላሳየችም፤ አሳይቻለሁም አላለችም። በእኔ እምነት ከትንሹ ተነሥቶ በሐዲዱ ዕድሜ ላይ ማተኮሩ ከቀደመው የአሜሪካ መንገድ የተሻለ ጥበብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ይመጣል። የአሜሪካዋ ጄራልድ ፎርድ አውሮፕላኖቿን በኤሌክትሮማግኔት ካታፑልት (ማስወንጨፊያ) ታስነሣለች፤ በ2025 አገልግሎት የጀመረችው የቻይናዋ ፉጂያንም ያለ ኑክሌር ኃይል ይህንኑ ታደርጋለች። ታዲያ መድፉ ለምን ያቅታል? መልሱ በንክኪውና በጊዜው ላይ ነው። ካታፑልቱ ጉልበቱን የሚያወጣው በሁለትና ሦስት ሰከንድ ነው፤ የሚገፋው ክፍልም ኤሌክትሪክ በሚተላለፍበት ሐዲድ ላይ አይፋተግም። ሬይልገን ያለበትን ሁለቱን ዋና ችግሮች በንድፉ አምልጧል። እንዲያም ሆኖ ቀላል አልነበረም። የፎርድ ካታፑልት በ4,166 ማስነሣት አንድ ከባድ ብልሽት እንዲገጥመው ቢታቀድም፣ 3,975 ጊዜ ባስነሣበት ወቅት የተመዘገበው አማካይ 181 ነበር። ቀላሉ መንገድ ይህን ያህል ካስቸገረ ከባዱ ምን እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ምን ይከተላል?

ሬይልገን ፈጽሞ አይሆንም አልልም። በዲሴምበር 2025 ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ይፋ ባደረጉት፣ ከ30,000 ቶን በላይ በሚመዝን አዲስ የጦር መርከብ ዕቅድ ውስጥም ተካቷል። እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር ግን ልንጠይቅ የሚገባን የአፈሙዙን ፍጥነት አይደለም። ሐዲዱ ሳይለወጥ በሙሉ ጉልበት ስንት ጊዜ ተኮሰ? ራዳሩ እየሠራ፣ መርከቡም በሙሉ ፍጥነቱ እየሄደ በደቂቃ ስንት ተኩስ ቀጠለ? የሚመራው ጥይት ከዚያ አፈሙዝ ወጥቶ የሚሸሽ ዒላማ ስንት ጊዜ መታ? እስካሁን በይፋ የተነገረ ሙከራ ሦስቱንም ባንድነት አልመለሰም።

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መቅደም ያለበት የመርከቡ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ነው። ብዙ አመንጭቶ፣ አከማችቶና አቀዝቅዞ ኃይሉን ወደተፈለገበት የሚያዞር መርከብ ለራዳርም፣ ለጨረር መሣሪያም፣ ወደፊት ለሬይልገንም ይጠቅማል፤ መድፉ ባይሳካ እንኳ የወጣው ገንዘብ አይባክንም። መድፉን አስቀድሞ መርከቡን በኋላ መፈለግ ግን በ16 ዓመት ሙከራ የታየ የተሳሳተ ቅደም ተከተል ነው። በቀይ ባሕር ላይ ነገ በጥቃት ውስጥ የሚቆም መርከበኛ የሚያስፈልገው ሲተኮስ የሚመታ፣ አሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይም የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሬይልገን ይህን መመዘኛ ባለፈ ቀን ደጋፊው እሆናለሁ፤ እስከዚያ ግን በፍጥነቱ ብቻ ሊዳኝ አይገባም።